የብረትን ድካም የቆጠሩት መሐንዲስ፦ የአውጉስት ቮለር የሕይወት ታሪክ

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚጓዝ ከባድ ተሽከርካሪ አክስሉ በመንገድ ላይ ቢሰበር ጉዳቱ በባለንብረቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ጭነቱ ይዘገያል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነም የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። በዚህም የተነሳ የጭነት መኪና አካልና ተሳቢ የሚገነቡ ድርጅቶችም ሆኑ ተሽከርካሪ ገዝተው የሚያሠሩ ዜጎች አንድ ጥያቄ ዘወትር ያነሳሉ። ተሽከርካሪው ራሱ ቀሎ ብዙ ጭነት እንዲሸከም፣ ቀሎም ለብዙ ዓመታት ሳይሰበር እንዲያገለግል፣ ይህም ለሥራ ከመሰማራቱ በፊት በተመጣጣኝ ወጪ እንዲረጋገጥ ማድረግ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ በግምት ሳይሆን በቆጠራ መልስ መስጠት የተጀመረው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት ሲሆን፣ ቦታውም አንድ የባቡር መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ነበር። ሥራውን የመሩት መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ይባላሉ። የሕይወት ታሪካቸው እንደሚከተለው ቀርቧል፤ በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውጉስት ቮለር ሰኔ 22 ቀን 1819 በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን፣ በዚያን ጊዜ የሃኖቨር ንጉሣዊ ግዛት በነበረው አካባቢ፣ ሶልታው በምትባል ትንሽ ከተማ ከመምህር አባት ተወለዱ። በትምህርታቸው በተለይም በሒሳብ ብልጫ በማሳየታቸው በሃኖቨር ከተማ ወደሚገኘው ከፍተኛ የሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት በ1831 የተከፈተና በካርል ካርማርሽ ይመራ የነበረ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። በጀርመን የመጀመሪያው በእንፋሎት የሚሳብ ባቡር በኑርንበርግና በፉርት ከተሞች መካከል መጓዝ የጀመረው በ1835 በመሆኑ፣ ቮለር ለሥራ በደረሱበት ጊዜ ባቡር ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰውም እምብዛም አልነበረም። ወጣቱ መሐንዲስ በበርሊን በሚገኘው የቦርዚግ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ተቀጥረው ሠሩ፤ ወደ ቤልጅግም ተጉዘው ባቡር መንዳትን ተማሩ። ሎኮሞቲቭን በወረቀት ከመንደፍ አልፈው በገዛ እጃቸው ነድተውት ስለነበረ፣ ሐዲዱ በመንኮራኩሩና በአክስሉ ላይ የሚያደርሰውን መናጥ በቅርብ ያውቁት ነበር።

ቮለር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በነበሩበት ጊዜ በፈረንሳይ አገር አንድ ከባድ አደጋ ደረሰ። ግንቦት 8 ቀን 1842 በቬርሳይ የንጉሡን በዓል አክብረው ወደ ፓሪስ የሚመለሱ መንገደኞችን የጫነ ረጅም ባቡር በሁለት ሎኮሞቲቮች እየተሳበ ሳለ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰበረ። ተከታዮቹ ፉርጎዎች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ከእሳቱ ምድጃ ላይ ወደቁ። በዘመኑ ልማድ የፉርጎዎቹ በሮች ከውጭ ይቆለፉ ስለነበር በውስጥ የነበሩት መውጣት አልቻሉም። ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል በደቡብ ዋልታ አሰሳቸው የታወቁት የባሕር ኃይል መኮንን ዱሞን ዱርቪል ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ይገኙበታል።

አደጋው በመላው አውሮፓ ድንጋጤ ፈጠረ። መሐንዲሶችን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን የሟቾቹ ብዛት ብቻ አልነበረም። አክስሉ የተሰበረው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ አይደለም። ከዚያ በፊት ያንኑ ጭነት ሳይበገር ሲሸከም ቆይቷል። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ብረት ለረጅም ጊዜ ካገለገለ በኋላ፣ ሳይታጠፍና አንዳች ምልክት ሳይሰጥ፣ እንደ ሸክላ ተቆርጦ ይገኝ ነበር። በጊዜው ብዙዎች ይሰጡት የነበረው ማብራሪያ ብረቱ ከመናጥ ብዛት የውስጥ ባሕርይውን ለውጦ ጅማታማ የነበረው ወደ ጥራጥሬነት ይቀየራል የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ኋላ ላይ ተረጋግጧል። እውነተኛው ምክንያት ትንሽ ስንጥቅ በአንድ ጥግ ተነስታ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት እያደገች መሄዷ ነው። ዛሬም ቢሆን የተሰበረ አክስል ወይም የባሌስትራ ምላስ የሚያገላብጥ ሰው የስብራቱን ገጽ ሁለት መልክ ያገኘዋል፦ አንደኛው ክፍል ለስለስ ያለና ከቆየ ዝገት የጠቆረ፣ ሌላኛው ደግሞ ሻካራና ገና የሚያብለጨልጭ። የመጀመሪያው ክፍል ለወራት ወይም ለዓመታት ሲሰነጠቅ የኖረው ነው፤ ሁለተኛው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቆረጠው።

ቮለር በ1847፣ በሃያ ስምንት ዓመታቸው፣ በርሊንን ከብሬስላው (የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ) ጋር በሚያገናኘው የታችኛው ሲሌዥያና የማርክ ባቡር ድርጅት ውስጥ የተሽከርካሪዎች ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸውም በኦደር ወንዝ ዳር ያለችው ፍራንክፈርት ነበረች፤ በማይን ወንዝ ላይ ካለችው ታላቅ ከተማ ጋር ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባቡሩ በፕሩሲያ መንግሥት እጅ ሲገባ ቮለርም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ። የሥራ ድርሻቸው ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን ማስጠገን፣ አዲስ ሲገዛም ጥራቱን መርምሮ መረከብ ነበር። እንግዲህ አክስል በተሰበረ ቁጥር ተጠያቂው እርሳቸው፣ መተኪያውን የሚያዙትም እርሳቸው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የነበሩት መፍትሔዎች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው አክስሉን ማወፈር ነው። ወፍራም አክስል ግን ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ በራሱ ክብደትም ሐዲዱን ይደበድባል፤ በፉርጎው ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎግራም ብረት ከዕቃው ክብደት ጋር አብሮ ይጎተታልና የድንጋይ ከሰሉ ወጪም ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተወፈረውም አክስል አንዳንድ ጊዜ መሰበሩ ነበር። ሁለተኛው መፍትሔ፣ በፈረንሳይ የፖስታ ሠረገሎች ላይ ይደረግ እንደነበረው፣ የተወሰነ ርቀት የተጓዘውን አክስል ሁሉ ሳይመርጡ አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። በዚህ አሠራር ገና ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ብረት ይጣላል፤ ሊሰበር የተቃረበው ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ተብሎ በሥራ ላይ ይቆያል።

ቮለር ሥራቸውን የጀመሩት አክስልን ከመስበር ሳይሆን መንገዱን ከመለካት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ቢመስልም ከእርሳቸው በፊት በዚህ መልክ የሠራበት አልነበረም ለማለት ያስደፍራል። አክስል በጉዞ ላይ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚመዘግብ መሣሪያ ራሳቸው ነደፉ። መሣሪያው አክስሉ በታጠፈ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ሹል ጫፍ የነበረው ሲሆን፣ ሹሉ በዚንክ ሰሌዳ ላይ ጭረት ይተዋል። ባቡሩ ከጉዞው ሲመለስ የጭረቱ ርዝመት ይለካል፤ ከእርሱም በጉዞው ውስጥ አክስሉ የደረሰበት ከፍተኛ መታጠፍ ይታወቃል። በ1858 እና በ1860 በመንገደኞችና በዕቃ ፉርጎዎች ላይ በተደረጉት ልኬቶች የተሸፈነው ርቀት ወደ 22,000 ኪሎሜትር ይደርሳል። ዛሬ በተሽከርካሪ ሻሲ ላይ በሚለጠፉ ረቂቅ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች የሚሠራውን ሥራ ቮለር የሠሩት በአንድ ቁራጭ ዚንክና በአንድ መርፌ ነበር።

ከመንገዱ የተገኘው ቁጥር ወደ ጥገና ክፍሉ መጣ። በባቡር ላይ አክስሉ ከመንኮራኩሮቹ ጋር አብሮ ይዞራል። ጭነቱ ከላይ ወደታች ስለሚጫነው የአክስሉ አንዱ ወገን ሲለጠጥ ተቃራኒው ይታመቃል፤ ግማሽ ዙር ሲዞር የተለጠጠው ይታመቃል፣ የታመቀው ይለጠጣል። ስለዚህ አንድ ዙር ማለት አንድ መለጠጥና አንድ መታመቅ ማለት ነው። ቀጭን ሽቦ ደጋግሞ አጣጥፎ የቆረጠ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ቮለር ይህንኑ በመሣሪያ ደገሙት። በመሃል በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠና በቺንጋ የሚዞር ዘንግ አዘጋጁ፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ለሙከራ የሚቀርቡትን ብረቶች አሰሩ፤ በብረቶቹ ነፃ ጫፍ ላይም ጥንካሬው በሚስተካከል ሞላ ጭነት ሰቀሉ። ዘንጉ ይዞራል፣ መቁጠሪያው ይቆጥራል። ብረቱ ሲሰበር የዙሩ ቁጥር ይመዘገባል፤ በሌላ ብረት ላይ ጭነቱ ትንሽ ተቀንሶ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ወጪ መቆጠቡ ነበር። አንድን ፉርጎ ጭኖ እስኪሰበር ድረስ በሐዲድ ላይ ማመላለስ ሠራተኛ፣ ከሰልና ሐዲድ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ፉርጎው ይጠፋል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። በቮለር መሣሪያ ላይ ግን የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ብረት ነው፤ ሁለት ብረቶችም በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። ቮለር በሙሉ መጠን አክስል ከጀመሩ በኋላ በቶርኖ የተዘጋጁ አነስተኛ ናሙናዎችን ወደ መጠቀም ተሻገሩ። በዚህም ብዙ ዓይነት ብረት በብዙ ዓይነት ጭነት መሞከር ቻሉ። ያልተቆጠበው ጊዜ ብቻ ነበር። መሣሪያዎቹ በዝግታ የሚዞሩ በመሆናቸው የሙከራው ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከውጤቶቹ መካከል አንዱን በቁጥር መመልከት ተገቢ ነው። በ1857 በፊኒክስ ፋብሪካ ከተሠራ የአክስል ብረት የተወሰዱ ናሙናዎች በዘመኑ የፕሩሲያ መለኪያ ከ320 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በሚሄድ ጭንቀት ተፈተኑ። በ320 የተፈተነው ናሙና በ56,430ኛው ዙር ተሰበረ። በ280 የተፈተነው 183,145 ዙር ቆየ። በ240 የተፈተነው 909,810፣ በ200 የተፈተነው 4,917,992፣ በ180 የተፈተነው 19,186,791 ዙር ዞረው ተሰበሩ። በ160 የተፈተነው 132,250,000 ዙር ዞሮ አልተሰበረም፤ በዚያው እንዲቆም ተደረገ። በሰከንድ አንድ ዙር ቢቆጠር እንኳ ይህ ቁጥር ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ርቀት ሲለወጡ ትርጉማቸው ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር በእያንዳንዱ ዙር ከሦስት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ይጓዛል። በ320 የተፈተነው ብረት የቆየው እንግዲህ 177 ኪሎሜትር ገደማ ለሚሆን ጉዞ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን አድርሶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም። በግማሹ ጭንቀት የተፈተነው ግን ከ415,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ገና ጤነኛ ነበር፤ ይህም ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣል። ጭንቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ሳይሆን ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ጨመረ። በተቃራኒው ከ280 ወደ 320 ማደግ ማለት ጭንቀቱን በአንድ ሰባተኛ ብቻ መጨመር ሲሆን፣ ዕድሜውን ግን ከሲሶ በታች አውርዶታል። ከልክ በላይ መጫን በአንድ ጉዞ ምንም ያላደረሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሒሳቡ በብረቱ ውስጥ ይመዘገባል፤ የሚከፈለውም በሌላ ቀን፣ ምናልባትም በልክ በተጫነበት ጉዞ ላይ ነው።

ቮለር ከእነዚህ ሙከራዎች ያገኙት ግንዛቤ የዛሬው የተሽከርካሪ ንድፍ መሠረት ሆኗል። ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሸከመው ከፍተኛ ጭነት በእጅጉ ባነሰ ጭነትም፣ ጭነቱ ከተደጋገመ፣ ሊሰበር ይችላል። ወሳኙ ነገር የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ውጣ ውረድ ነው። በአንድ ቦታ ቆሞ የሚሸከም ዓምድና ዕድሜውን ሙሉ ሲናጥ የሚኖር አክስል በአንድ ስሌት ሊነደፉ አይገባም። ከተወሰነ የጭንቀት ወሰን በታች ደግሞ ብረቱ ቢደጋገምበትም የማይሰበር ሆኖ ታይቷቸዋል። ስለዚህ ነዳፊው የሚጠየቀው ክፍሉ ለዘላለም እንዲኖር ሳይሆን፣ ሊያገለግል በታሰበበት ዘመን ስንት ከባድ ጭነት እንደሚደርስበት ገምቶ ለዚያ እንዲበቃ አድርጎ እንዲሠራ ነው። ተሽከርካሪን ሳያዳክሙ ማቅለል የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው፤ ከመጠን ያለፈው ብረት የት እንዳለ የሚታወቀው የሚፈለገው ከታወቀ በኋላ ነውና።

በተለይ ሊነሳ የሚገባው ሌላ ግኝት አለ፤ በጋራዥና በብየዳ ቤት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነውም ይኸው ነው። ቮለር ውፍረቱ በድንገት የሚለወጥ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል በሹል ጥግ የሚገናኙበት አክስል፣ ጥጉ ተሞርዶ በለስላሳ ክብ ከተሠራው እጅግ አስቀድሞ እንደሚሰበር በሙከራ አሳዩ። ጭንቀቱ በሹሉ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ወፍራም አክስሎች ሳይቀሩ የሚሰበሩበት አንዱ ምክንያት በዚህ ታወቀ፤ የተጨመረው ብረት ጥጉን ይበልጥ ሹል አድርጎት ነበርና። ዛሬ በሻሲ ላይ በዘፈቀደ የተበሳ ቀዳዳ፣ በሹል ጥግ የተቆረጠ ማጠናከሪያ ላሜራ፣ ወይም ጫፉ ያልተሞረደ ብየዳ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚሁ የተለየ አይደለም። ማጠናከሪያ ተብሎ የተበየደው ላሜራ የመጀመሪያው ስንጥቅ መነሻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቮለር ግኝታቸውን የመሥሪያ ቤታቸው ምስጢር አላደረጉትም። ከ1858 ጀምሮ በፕሩሲያ የሕንፃና የግንባታ መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጡት፤ ማጠቃለያውም በ1870 ታተመ። በ1867 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሙከራ ውጤቶቻቸው ለእይታ ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በለንደን የሚታተም የምሕንድስና መጽሔት ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች አስተዋወቃቸው። በድልድይ ግንባታም ድርሻ ነበራቸው። በሙቀትና በብርድ የሚረዝምና የሚያጥር የብረት ድልድይ አንዱ ጫፉ ታስሮ ሌላው ጫፉ በሚንከባለል ድጋፍ ላይ እንዲያርፍ ከመከሩት ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ ናቸው።

በ1870 እና በ1871 በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ከተደረገው ጦርነት በኋላ አልዛስና ሎሬይን ወደ ጀርመን ሲጠቃለሉ የአካባቢው ባቡር በአዲሱ የጀርመን መንግሥት ሥር ሆነ። ቮለር በ1874 ወደ ስትራስቡርግ ተዛውረው ከዚሁ ባቡር መሥሪያ ቤት ዳይሬክተሮች አንዱ ሆኑ። በዚህ ኃላፊነት ላይ ሳሉ ያሳሰባቸው ጉዳይ የግዢ ጉዳይ ነበር። ባቡሮቹ ብረት የሚገዙት በሻጩ ቃልና በፋብሪካው ስም ነው፤ ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ስም የሚሸጡት ብረት ግን በጥንካሬው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ቮለር ብረትና ፌሮ በተወሰነ የሙከራ ውጤት በደረጃ እንዲመደቡ፣ ሙከራውም ከሻጭም ከገዢም ገለልተኛ በሆኑ የመንግሥት የፍተሻ ተቋማት እንዲካሄድ ለጀርመን ባቡር መሥሪያ ቤቶች ማኅበር ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ከብረት አምራቾች በኩል ጠንካራ ተቃውሞ ገጠመው፤ አምራቾቹ ከውጭ የሚጫን መመዘኛ ሥራቸውን የሚያስተጓጉል መስሏቸው ነበር። ተቃውሞው ፍጹም መሠረት የሌለው ነበር ማለት አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የብረት አመራረት በፍጥነት እየተለወጠ ስለነበር ዛሬ የወጣ መመዘኛ ነገ ሊያረጅ ይችል ነበርና። ያም ሆኖ የገለልተኛ ፍተሻ ሐሳብ ሥር ሰደደ። የቮለር የሙከራ መሣሪያዎች ቀደም ሲል ወደ በርሊን ተዛውረው የነበረ ሲሆን፣ በዚያች ከተማ በ1871 የተቋቋመው የመንግሥት የፍተሻ ጣቢያ የዛሬው የጀርመን ፌደራል የቁሳቁስ ምርምርና ፍተሻ ተቋም መነሻ ነው። የመሞከሪያ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው አነስተኛ አምራች ናሙናውን ይዞ ሄዶ የሚያስፈትሽበት ቦታ በዚህ ዓይነት ተገኘ።

ከባቡር ወደ ጭነት መኪና የተደረገው ሽግግር ረጅም ነው። በተሳቢ ላይ አክስሉ ራሱ አይዞርም፤ የሚዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ጭንቀቱን የሚደጋግመው የመንገዱ ጉድጓድና የጭነቱ መናጥ በመሆኑ አንዱ ምት ከሌላው አይመሳሰልም፤ ቮለር ግን በአብዛኛው የፈተኑት በአንድ መጠን በሚደጋገም ጭንቀት ነበር። ይህን ክፍተት የሞሉት የኋላ ሰዎች ናቸው። ስዊድናዊው ፓልምግሬን በ1924፣ አሜሪካዊው ማይነር ደግሞ በ1945፣ እያንዳንዱ ትልቅና ትንሽ ምት ከክፍሉ ዕድሜ ላይ የየራሱን ድርሻ እንደሚቀንስና ድርሻዎቹ ተደምረው ሙሉ ሲሆኑ ክፍሉ እንደሚሰበር የሚያሰላ ቀላል ደንብ አቀረቡ። ደንቡ ግምታዊ ቢሆንም ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። በዚህ መሠረት ቀላል ተሳቢ የሚነድፍ ድርጅት ተሳቢውን በሙሉ ለዓመታት በመንገድ ላይ ማንከራተት አይጠበቅበትም። በተመረጡ መንገዶች ላይ ለጥቂት ቀናት ጭንቀቱን ይለካል፤ ጉዳት የማያደርሱትን ትንንሽ ምቶች ያወጣል፤ የቀሩትን በጥርጣሬ በሚታየው ክፍል ላይ፣ ለምሳሌ በአንድ የሻሲ መገጣጠሚያ ወይም በአንድ የባሌስትራ መያዣ ላይ፣ በመሣሪያ እያፋጠነ ይደጋግማል። የወጪው መቀነስ የሚመጣው ከሙከራው ጥራት ሳይሆን ከማያስፈልገው ክፍል ነው። መንገዱን መለካት፣ ትንሹን ናሙና መስበር፣ ውጤቱን መቁጠር፤ ቅደም ተከተሉ በፍራንክፈርት ኦደር የተጀመረው ነው።

ቮለር በ1889 በጡረታ ተሰናብተው ወደ ተማሩበት ከተማ ወደ ሃኖቨር ተመለሱ። በዚያም ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ኖሩ። በሕይወታቸው ዘመን የሠሯቸውን ሙከራዎች ያተሙት በሰንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ቁጥሮቹን በሥዕል አላስቀመጧቸውም። በበርሊን ሥራቸውን የቀጠሉት ሽፓንገንበርግ ሰንጠረዦቹን ወደ ሥዕል ለወጡ። አሜሪካዊው ባስኩዊን ደግሞ በ1910 የጭንቀቱና የዙሩ ቁጥር ዝምድና በሎጋሪዝም ሚዛን ሲሳል ወደ ቀጥተኛ መስመር እንደሚቀርብ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ቮለር የዘጠና ዓመት አዛውንት ነበሩ። መጋቢት 21 ቀን 1914 በሃኖቨር ሲያርፉ ዕድሜያቸው ዘጠና አራት ዓመት ሆኖ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በምሕንድስና ትምህርት ቤቶችና በተሽከርካሪ ፍተሻ ጣቢያዎች የቮለር መስመር እየተባለ የሚጠራው ሥዕል ይህን ስያሜ ያገኘው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።